ለኤቢሴ ፀጉር የተላከ

ሰበታ፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለዱርሲቱ፣

ሰላምታዬ ከሰበታ እስከ አንቺ አገር ያለውን መንገድ ይሙላው። ብርዱ አጥንትሽ ሳይገባ፣ እንጀራሽ ሳይጎድል፣ የሰው ፊት ሳያሳይሽ የሰማይ አምላክ ይጠብቅሽ። እናትሽ ብትኖር የምትመርቅሽን እኔ ወንድሟ በእሷ ፋንታ መርቄሻለሁና አሜን በይ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ።

ምርቃቱ በዛ ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለጉዳዮቼ ቸኩለው በቀጥታ ወደ ነገሩ ግባልኝ ሲሉኝ፣ ሰላምታ የሌለው ጽሑፍ ለዘመድ አይጻፍም፣ እሱ ክስ ነው እያልኩ እቆጣቸው ነበር። ስልክ ብትደውዪልኝ ደግሞ አልሰማሽም፣ አሎ አሎ ስል ካርድሽ ያልቃል። ስለዚህ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ገመቺስ እሑድ ከቡራዩ ሲመጣ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። ያንቺንም ደብዳቤ ዓለም ገና ከተማ አሳትሞ ያመጣልኛል።

ጉዳዩ፦ ኤቢሴ።

ልጄ አርግዛ እንደነበር ሰምተሻል። በሐምሌ መጨረሻ ደም ታያትና ባሏ ገመቺስ አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመራት። ሐኪሞቹ በማሕፀኗ ያለው ልጅ አይደለም አሉን። እርግዝና መስሎ የሚያድግ፣ የወይን ዘለላ የመሰለ፣ ልጅ የሌለበት ነገር ነው አሉ። ጠርገው አወጡላት። እኔ ይህን ያህል ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የቡራዩ ጎረቤቶቿ ግን ከእኛ ቀድመው ሰምተው፣ እያንዳንዷ የራሷን ምክንያት ይዛ መጣች።

ሐኪሟ እንዳለችው ይህ ነገር አንዳንዴ ሥሩ ይቀራል። ሥሩ ከቀረ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ወደ ጭንቅላትም ይወጣል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፣ ካልተደረሰበት ይገድላል። የሚታወቀው በደሟ ነው። ያ ነገር የእርግዝና ሆርሞን ደሟ ውስጥ ይረጫል፤ በየጊዜው ደም እየሰጠች ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ እስኪጠፋ መጠበቅ አለባት። እስከዚያ ማርገዝም ክልክል ነው።

የምለምንሽ ገንዘብ አይደለም፣ አትደንግጪ። የምትሠሪበት ፋብሪካ ለደም ምርመራ የሚሆን ዕቃ ያወጣል ብለሽኝ ነበር። ማሽኑ ያን ሆርሞን ከዚያ ሁሉ ደም መሐል እንዴት ነው የሚያገኘው? ሊሳሳትስ ይችላል? ይህን ጻፊልኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ኤቢሴ ሰላም ብላሻለች። ፀጉሯ እየረገፈ ነው። ስታበጥር እፍኝ ሙሉ ይወጣል። ለበሽታው ያላለቀሰችው ልጅ ለፀጉሯ ታለቅሳለች።

አጎትሽ ኢቲቻ

---

ትሮንድሄም፣ ኖርዌይ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ወንድም፣ ለኤሱማዬ ለኦቦ ኢቲቻ፣

አካም ጂርቱ ኤሱማ፣ እንደምን ነዎት? ምርቃትዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ አሜንም ብያለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ጆሮዎንም ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል፣ ድምፅዎ ናፍቆኛል።

የኤቢሴን ነገር ሳነብ አለቀስኩ። እሷና እኔ በአንድ አልጋ ያደግን ነን። እናቴ ከሞተች በኋላ ለእኔ ቦታ ለመልቀቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ትተኛ እንደነበር እርስዎም ያስታውሳሉ።

ስለ ማሽኑ ለጠየቁኝ፣ በገመቺስ ብረታ ብረት ቤት ያዩትን ያስቡ። ማታ ሥራ ሲዘጋ ከአሮጌ ስፒከር በወጣ ማግኔት ወለሉን ይጠርጋል። አቧራውና የእንጨቱ ፍቅፋቂ እዚያው ይቀራል፣ የብረቱ ብናኝ ብቻ ማግኔቱ ላይ እንደ ጢም ይበቅላል። የእኛም ሥራ ያው ነው። እኛ የምንሠራው በዓይን የማይታዩ፣ ውስጣቸው ብረት ያለባቸው እንክብሎች ነው። እኔ ያለሁበት ክፍል ላያቸውን ያለብሳቸዋል። ልብሳቸው መያዣ አለው። ደሙ ውስጥ ሲጨመሩ የሚፈለገው ነገር በመያዣው ይያያዛል። ከዚያ ማግኔት ከጎን ሲጠጋ እንክብሎቹ የያዙትን ይዘው የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ የቀረው ደም ታጥቦ ይፈስሳል። ማሽኑ የሚቆጥረው ተይዞ የቀረውን ብቻ ነው። ከባልዲ ውኃ አንዲት ፍሬ አሸዋ ለቅሞ ያወጣል ቢሉ አልተጋነነም።

ይሳሳታል ወይ ላሉኝ፣ ከእኛ እጅ ሳይፈተሽ የሚወጣ የለም። ኤቢሴ የምትመረመርበት ማሽን የእኛን እንክብል ይጠቀም አይጠቀም አላውቅም፣ ዘዴው ግን አንድ ነው። ይመኑትና ይተኙ።

ለፀጉሯ መላ አለኝ። ቲና የምትባል የሱሉልታ ልጅ ለእረፍት ትመጣለች። በእሷ ሻንጣ የፀጉር ቫይታሚን ልኬያለሁ። እዚህ ሴቱ ሁሉ ከወለደ በኋላ የሚወስደው ነው፣ መድኃኒት አይደለም። በቀን አንድ ትዋጥ። ኤቢሴ ያላትን ለጎረቤት ማከፋፈል ትወዳለችና ይህን ግን ለብቻዋ ትያዘው። ለእርስዎ የሱፍ ካልሲ አለ።

ልጅዎ ዱርሲቱ

---

ሰበታ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዱርሲቱዬ፣

የላክሽው እጅሽ አይድረቅ። የዘረጋሽው አይመለስ፣ የያዝሽው ይባረክ፣ በሄድሽበት አገር ያለ አንድ ደግ ሰው አትደሪ። ካልሲውን አድርጌ ነው የምጽፍልሽ፣ እግሬ እሳት ዳር የተቀመጠ ይመስላል።

ሱሉልታ ራሴ ሄድኩ። ገመቺስ እኔ ላምጣው ብሎ ነበር፣ ግን በሥራ ቀን ከሚቀር ብዬ ተነሣሁ። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና መርካቶ፣ ከመርካቶ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ እንጦጦን ተሻግሬ ስደርስ ቀኑ ተጋምሷል። አስፋልቱ ዳር ሯጮቹ ሲያልፉ ቆሜ አየሁ። ማንም ሳያባርራቸው እንዲያ መሮጣቸው ገረመኝ። የቲና ቤት ሰው ሞልቷል፤ የአገሩ ዘመድ ሁሉ ዕቃውን ሊቀበል መጥቶ ሻንጣው ዙሪያ ተቀምጧል። ቲና አንድ አንድ እያወጣች ስም ትጠራለች። የኤቢሴ ስም ሲጠራ ጎኔ ያሉት ነገሩኝና እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ።

ኤቢሴ ጠርሙሱን አልጋዋ ራስጌ አስቀምጣዋለች። ዱርሲቱ ናት የላከችልኝ እያለች ለመጣው ሁሉ ታሳያለች፣ አንድም ፍሬ ግን አትሰጥም።

ለደም ምርመራው አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፣ ለዚያ ነው የምወዳት። ከዚህ ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ባለፈው ጸበል ትጠጣለች ብለን ተቆጥታናለችና፣ እንደገና እንዳታነሣው ብዬ ከኤቢሴ ቀድሜ የለም አልኩ። ልትናገር አፏን ከፍታ የነበረችው ኤቢሴ መሬት መሬት እያየች ሳቀች። እንዲህ ያለ ውሸት እግዚአብሔር ይቅር ይላል ብዬ ነው።

ዋናው ወሬ ይህ ነው፦ ቁጥሩ ወረደ። ካለፈው በጣም ወረደ። ሐኪሟ ከጠበቅሁት በላይ ነው አለች። ያንን ያንቺን ማግኔት ባየው ስሜ እስመው ነበር።

አጎትሽ ኢቲቻ

---

ትሮንድሄም፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማዬ፣

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረስዎ፣ ከርሞም ከነልጆችዎ ያድርስልኝ። ዘግይቼ ነው የምጽፈው፣ በበዓል ሰሞን ሥራ በዝቶ የሌሊት ፈረቃ ገብቼ ነበር።

ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እዚህ ቀኑን ሙሉ የምናየው ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር በጠርሙስ ነው። በማን ደም ውስጥ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚድንበት አናውቅም። የኤቢሴን ፎቶ ሳሳያቸው አለቃዬ ማረፊያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ አለችኝና ለጠፍኩት። ያኮራል ኤሱማ፣ በኩራቴ አይፍረዱብኝ።

እስከ ፋሲካ የሚበቃ ብዬ ሁለት ጠርሙስ ደግሞ አክመል በሚባል ልጅ እጅ ልኬያለሁ፣ ቡራዩ ድረስ ያደርስላታል። ይኼኛው ጠንከር ያለው ዓይነት ነው።

ልጅዎ ዱርሲቱ

---

ሰበታ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱርሲቱ፣

የሰው አገር የሰው አያድርግሽ። የለበስሽው ይሙቅሽ፣ የበላሽው ይስማማሽ፣ ሌሊት ከሥራ ስትወጪ መንገድሽን መልአክ ይያዝልሽ።

ቁጥሩ ጠፋ። ምንም የለም አሉን። ሐኪሟ ኤቢሴን እጇን ይዛ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት። ፀጉሯም መጣ፣ ግንባሯ ላይ እንደ ጫጩት ላባ ተነሥቷል። አንዱ ይህን ካደረገ ሦስቱ ምን ሊያደርግ ነው ብላ አሁን በቀን ሦስት ትወስዳለች። ጠንከር ያለውን ነው የምትወስደው።

አሁን የምጽፍልሽን ግን በደንብ አንብቢው። ከጥር ወዲህ ያቅለሸልሻታል። ወር አበባዋ ቀረ። ፋርማሲ ሄዳ እርግዝና በሽንት የሚታይበትን ስትሪፕ ገዛች፣ ሁለት መስመር ወጣ፣ አርግዘሻል ማለት ነው። ገመቺስ በደስታ ብየዳውን ሳያጠፋ ነው ወደ ቤት የሮጠው። እኔም ስሰማ፣ አልደብቅሽም፣ ብቻዬን ተቀምጬ ስም ሳወጣ ዋልኩ።

ክሊኒክ ሄዱ። በደሟ ምንም የለም፣ ማሽኑ ባዶ ነው አለ። በአልትራሳውንድ ቢያዩም ልጅ የለም። ስትሪፑ ርካሽ ነው፣ ተበላሽቶ ይሆናል ብለው መለሷቸው። ኤቢሴ ሌላ ስትሪፕ ገዛች፣ እሱም ሁለት መስመር። ትንሽ ሳልም ጀምሯታል፣ የብረት ቤቱ ጭስ ነው ትላለች፤ ቤታቸው ከሥራው ጋር ግድግዳ ይጋራል።

አንቺ የዚህ ነገር ሰው ነሽ። ስትሪፑ አለ ይላል፣ ማሽኑ የለም ይላል። የማንን እንመን?

አጎትሽ ኢቲቻ

---

ትሮንድሄም፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማዬ ለኦቦ ኢቲቻ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ፣ ጾሙን ያስፈጽምዎ። መልስ ለመስጠት ዘገየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ደስታችሁን የማፈርሰው እኔ መሆኔ ስለከበደኝ ነው።

ማሽኑን ይመኑ። ስትሪፕ በፀሐይ ይበላሻል፣ በመጋዘን ይበላሻል፣ ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። የእኛ ዘዴ እንዲህ አይደለም። ሆርሞኑ ደሟ ውስጥ ቢኖር እንክብሎቹ ይይዙት ነበር፣ ሲሆን ሲሆን ከስትሪፑ ቀድመው። ኤቢሴ ልጅ በጣም ስለፈለገች ያረገዘች እየመሰላት ይሆናል፣ ይህም ያጋጥማል። እቅፍ አድርገው ይንገሯት።

ቫይታሚኑ በቀን ሦስት ብዙ ነው፣ ግን አይጎዳትም፣ ትርፉ በሽንት ይወጣል። ለሳሉ ከጭሱ ትራቅ።

ልጅዎ ዱርሲቱ

---

ሰበታ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዱርሲቱ፣

እግዚአብሔር ካሰብሽው ያድርስሽ፣ ክፉ ወሬ ከበርሽ ይመለስ።

እንዳልሽው ነገርኳት። ስትሪፕ መግዛት ተወች። ልጅ ናፍቄ ነው የተሳሳትኩት ብላ አፈረች፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ሆዷ ምንም አትናገርም።

ሳሉ አልተዋትም። ከቡራዩ ወደ እኔ አምጥቻት ሰበታ ነው ያለችው፣ እዚህ ጭስ የለም፣ ሳሉ ግን አለ። ጤና ጣቢያ የሳንባ ምች ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት። አልተሻላትም። የነቀርሳ ምርመራ አደረጉላት፣ የለም ተባለ። ባለፈው ሳምንት መሐረቧ ላይ ደም አየሁ። ልትደብቀው ፈልጋ ነበር፣ እኔ ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ አልታመመም። ያ የወይን ዘለላ ተመልሶ ይሆን ብለን ደሟን አስታየን፣ አሁንም ምንም የለም። ማሽኑ ምንም የለም ካለ ሐኪሞቹ ወደዚያ አይመለከቱም።

በጣም ከስታለች። አንድ ነገር ልለምንሽ። ቫይታሚኑ ሊያልቅ ነው። ያንን ስትውጥ ብቻ ነው ፊቷ ትንሽ የሚፈካው፣ ዱርሲቱ ታድነኛለች ትላለች። ሰው ካገኘሽ ላኪላት።

አጎትሽ ኢቲቻ

---

ትሮንድሄም፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማዬ፣

እግዚአብሔር ያበርታዎ።

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስዎ ለገመቺስ ደውዬለታለሁ። ቫይታሚኑን ዛሬውኑ ታቁም። አንድም ፍሬ እንዳትወስድ። ሳምንት ቆይታ ደሟ እንደገና ይታይ፣ ስትሪፑም ሁለት መስመር አውጥቶ ነበር ብላችሁ ለሐኪሟ ንገሯት። ሳንባዋ በራጅ ይነሣ። ለገመቺስ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ ለሐኪሟ የሚሰጠውንም በእንግሊዝኛ ጽፌ ልኬለታለሁ።

ምክንያቱን ለእርስዎ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አሁን አልችልም።

ዱርሲቱ

---

ሰበታ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለዱርሲቱ፣

ዘርሽ ይብዛ፣ ስምሽ ይነሣ፣ በአባትሽም በእናትሽም አጥንት ላይ ብርሃን ይውጣ። እኔ ያላየሁትን አንቺ ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ያየሽ፣ የሰማይ ደጅ ይከፈትልሽ። ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት አላውቅም እንጂ ባውቅ እጨምርልሽ ነበር።

እንዳልሽው ሆነ። ጠበቅን፣ ደሟን ሰጠች። ቁጥሩ እጅግ ትልቅ ስለሆነባቸው ተሳስተናል ብለው ደገሙት፣ ያው መጣ። ራጁ ላይ ሳንባዋ በሙሉ ነጠብጣብ ነው። ያ ነገር ሥሩ ቀርቶ ኖሯል። ሆስፒታል አልጋ እስኪለቀቅ ኮሪደር ላይ ሰነበትን። መድኃኒቱን ጀመሩላት። በሁለተኛው ዙር ግራ እጇ አልታዘዝ አላት፣ ቀጥሎ አንድ ዓይኗ። ጭንቅላቷ ውስጥም ገብቷል አሉ። ሐኪሟ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ "አባቴ፣ ከሦስት ከአራት ወር በፊት ቢሆን ይህን በሽታ እናድነው ነበር" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ደንቆሮ መሆን ተመኝቼ አላውቅም።

ያልገባኝ ነገር አለ። ገመቺስ ከአንቺ ጋር የተነጋገራችሁትን አይነግረኝም። ደጋግሜ ብጠይቀው፣ ዱርሲቱ ናት የደረሰችልን ብሎ ይወጣል። ቫይታሚኑና ይህ ምን አገናኛቸው? እስከ ሚያዝያ ባዶ ያለ ማሽን በአንድ ሳምንት እንዴት ሞላ?

ጻፊልኝ። ኤቢሴ ስምሽን ስትሰማ ፈገግ ትላለች፣ በአንድ ጎን ቢሆንም።

አጎትሽ ኢቲቻ

---

ትሮንድሄም፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማዬ፣

የመረቁኝን ምርቃት አነበብኩት፣ አሜን ማለት ግን አልቻልኩም። ይህን ካነበቡ በኋላ ቢመልሱት አይፈረድብዎትም።

እንክብሎቹ ላይ መያዣ አለ ብዬዎት ነበር። መያዣው ራሱ ሆርሞኑን አያውቀውም። እንዲህ ነው፦ ሆርሞኑን የሚያውቅ ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ላይ አንድ ቫይታሚን ይለጠፍበታል፣ የእንክብሉ መያዣ የሚጨብጠው ያንን ቫይታሚን ነው። ያ ቫይታሚን ባዮቲን ይባላል። ፀጉር የሚያበቅለው እሱ ነው።

ኤቢሴ በብዛት ስትውጠው ደሟን ሞላው። ታክሲ መነሻው ላይ ወንበሩ ሁሉ ቀድሞ ተይዞ፣ የሚጠበቀው ሰው አስፋልት ላይ እንደሚቀር ያስቡት። እንክብሎቹን የእኔ ቫይታሚን ያዛቸው። ማግኔቱ ሳበ፣ ሆርሞኑ ከሌላው ደም ጋር ታጥቦ ፈሰሰ። ማሽኑም ምንም የለም አለ። ቁጥሩ የወረደው ስለዳነች አልነበረም። ስትሪፑ ትክክል ነበር።

በሚያዝያ የጠየቁኝን ጠርሙስ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ነበር። እጄ ላይ ይዤው ስሙን አነበብኩት። ኤሱማ፣ ይህን ስም እኔ ሥራ ቦታ በየቀኑ አነበዋለሁ። የምንጠቀምበት ዕቃ ሁሉ ላይ ተጽፏል። እነዚያን ጠርሙሶች ስገዛ ግን የሠራተኛ ዓይን አልነበረኝም፣ ለእኅቴ ስጦታ ነበር የምገዛው። ጠርሙሱ ላይ የተሳለችውን ሴትዮ ፀጉር አይቼ ገዛሁ።

ከዚያ ደግሞ ጠየቁኝ። የማንን እንመን አሉኝ። ማሽኑን አልኩዎት። ሁለቱ አንድ ሆርሞን እየፈለጉ ለምን ተለያዩ ብዬ አንድ ቀን ባስብ፣ አንድ ሰው ብጠይቅ፣ የካቲት ላይ በደረስንበት ነበር። እንዳላስብ ያደረገኝ ኩራት ነው። ኤቢሴን ስትሪፕ እንዳትገዛ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ።

ፎቶዋን ከሰሌዳው ላይ አንሥቼዋለሁ።



ዱርሲቱ

---

ሰበታ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱርሲቱ፣

ኤቢሴ ሰኔ 14 ቀን አርፋለች። ይህን ከገመቺስ ሰምተሻል። ሰበታ ከእናቷ ጎን ነው የተቀበረችው።

ደብዳቤሽ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ገመቺስ አርባዋ እስኪወጣ ኪሱ ውስጥ ይዞት ቆየ። ከተዝካሩ ማግሥት ሰው ሲበተን ሰጠኝ፣ አጠገቤም ተቀመጠ። እሱ ከሚያዝያ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ኤቢሴም ታውቅ ነበር። ነግሯት ነበር። የመጀመሪያው መድኃኒት ሲሰጣት፣ ገና መናገር ሳያቅታት፣ "አባባ እንዳይሰማ፣ ከሰማ ዱርሲቱን መመረቅ ያቅተዋል፣ እሷ ደግሞ ከእሱ ምርቃት ሌላ ምንም የላትም" አለችው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የእንክብሉም የታክሲውም ነገር ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ነርሷ ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ ወይ ብላ ስትጠይቃት ቀድሜ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ጸበሉን ልደብቅ ብዬ ነው። ቫይታሚኑ በሐሳቤም አልመጣም፤ ከዘመድ ሻንጣ የወጣ ነገር እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ አያውቅም። ኤቢሴ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፣ ምን ልትል እንደነበር አሁን ማን ይነግረኛል?

ብዕር ካነሣሁ ዓመታት አልፈውኝ ነበር፣ አንድ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሕመምተኛ ሲመጣ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ተብሎ አይጠየቅ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከልህ የምትውጠው ነገር አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በላቦራቶሪው መስኮት ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም እንዲለጠፍ ነው የጠየቅሁት። አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ይዤው ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ይህ የሚመለከተው ክፍል የለም አለችኝ። ሌላ ቀን ተመለስኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በመጨረሻ ጥበቃው አዝኖ ተቀበለኝ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሳይቀደድ አይቀርም። ዱሮ ለሰው ስጽፍ የት እንደሚደርስ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሲገንዟት ሴቶቹ ፀጉሯን ሊሠሩላት ሻሿን ፈቱት። ሆስፒታሉ የሰጣት መድኃኒት ፀጉር ይጨርሳል ብለውን ነበር፣ ጊዜ ስላላገኘ ነው መሰለኝ ብዙውን አልነካውም። በቅሎ ነበር። እስከ ጆሮዋ ደርሷል፣ ወፍራም፣ ጥቁር። ለመሥራት ጊዜ ወሰደባቸው። አንዷ ጎረቤቷ ከቡራዩ የመጣች፣ እንዲህ ያለ ፀጉር የሚያበቅል ነገር ከየት አገኘች ብላ ጠየቀችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ጆሮዬን አሳይቻት ወጣሁ።

ከላይ ሰላምታ እንደሌለ አይተሻል። ክስ አድርጌ አይደለም። ከተዝካሩ ጀምሮ በየማለዳው ወረቀት እያወጣሁ ምርቃቱን እጀምራለሁ፣ ከስምሽ አያልፍልኝም። ልጄ የፈራችው ይህን ነበር፣ እንደፈራችውም ሆነ። ክፉ እንዲያገኝሽ አልመኝም። የልቤን ውስጥ ብፈልግ ግን ለአንቺም ለእኔም የሚሆን ምርቃት አላገኘሁም፣ ያልተሰማኝን ደግሞ ለባለጉዳይ እንጂ ለእኅቴ ልጅ አልጽፍም።

ቲና ለበዓል እንደገና ትመጣለች አሉኝ። ምንም እንዳትልኪ። ካልሲም ቢሆን።

ኢቲቻ